የመጀመሪያዋ ደቂቃ ዋጋ

ለገበያ ሰው አውሮፕላን ማለት ሰዓት፣ ኪሎና ዋጋ ነው። የደሴው ነጋዴ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ በልቡ የሚያሰላው እነዚህኑ ነው። በመኪና ከሆነ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከሚሴን፣ ሸዋሮቢትንና ደብረሲናን አልፎ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ እስኪገባ ድረስ ቀኑ ያልቃል። በአየር ግን አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው። አንድ ቀን ሱቅ ዘግቶ መዋል ስንት እንደሚያሳጣ የሚያውቅ ሰው ለቲኬቱ አይከራከርም።

የሚከራከረው በሻንጣው ነው። «ወንበር ባዶ እየታየ ዕቃዬ ለምን ይቀራል?» የሚለው ጥያቄ በየትኛውም የደጋ አውሮፕላን ማረፊያ የተለመደ ነው። አንዳንዱ የሠራተኛ ንቀት ያደርገዋል፤ ሌላው ደግሞ ከጀርባው ሌላ ጥቅም አለ ብሎ ይጠረጥራል። እርግጥ ዕቃ በስህተትም ይቀራል። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃውን ያስቀረው ማንም ሰው ሳይሆን አንዲት ደቂቃ ናት።

ይህቺ ደቂቃ የአውሮፕላኑ ጎማ ከመሬት ከተላቀቀበት ቅጽበት የምትጀምረው የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት። በዚያን ጊዜ አውሮፕላኑ ከባድ ነው፤ ነዳጁም ሸክሙም ገና አልቀነሰም። ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው፤ ከፍታ ደግሞ ገና አላጠራቀመም። ሞተሩም ባለው ኃይል ሁሉ የሚጮኸው ያኔ ነው። አንድ ሞተር መጥፋቱ ላይቀር ከሆነ፣ ከዚህ የባሰ ሰዓት ሊመርጥ አይችልም። የአየር ጉዞን ውድ ከሚያደርጉት ነገሮች ቀላል የማይባለው ክፍል የሚወጣውም ይህቺን ደቂቃ ለመሻገር ነው።

ደጋና ሞቃት ቀን

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ክንፍ የሚሸከመው በአየር ነው፤ ሞተርም የሚተነፍሰው አየር ነው፤ ፕሮፔለርም የሚቀዝፈው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሦስቱም አብረው ይደክማሉ። በዚህ ላይ ሙቀት ሲጨመር ነገሩ ይብሳል።

በኮምቦልቻ ከፍታ ላይ አምራቾች ለስሌት የሚጠቀሙበት መደበኛ የሙቀት መጠን 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የኮምቦልቻ ቀትር ግን 28 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። በዚህ ልዩነት ሲሰላ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ እያለ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ እንዳለ ያህል ይሆናል ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ጎማው ኮምቦልቻ ላይ ነው፤ ክንፉና ሞተሩ ግን ከደሴም ከፍ ብለው እንደቆሙ ናቸው። ለተማሪ አብራሪዎች ማሠልጠኛ የሚውሉት ባለ ፒስተን ትናንሽ አውሮፕላኖች፣ አየር አማቂ ቱርቦ ከሌላቸው፣ በእንዲህ ያለ ቀን ከሞተራቸው ኃይል ሩቡን ያህል ያጣሉ። ቴርቦ የሌለው አይሱዙ የጣርማ በርን ዳገት ሲወጣ የሚሆነውን ያየ ሾፌር ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም።

የጠዋት በረራ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ነጋዴው ጠዋትን የሚወደው ለባንክና ለገበያ እንዲደርስ ነው። አብራሪው የሚወደው ግን ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ስለሆነ ነው። ሁለቱም ተመሳሳይ ሰዓት ይፈልጋሉ፤ ምክንያታቸው ግን አይገናኝም።

መስከረም 5 ቀን 1981፣ ባሕር ዳር

ከኮምቦልቻ ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ያላት ሌላዋ የክልሉ ከተማ ባሕር ዳር ናት። እሷም በ1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ከመሬት ከተነሱ በኋላ ወዲያው ሞተር ማጣት ምን ማለት እንደሆነ በዚህ አገር በከፍተኛ ዋጋ የታየው እዚያ ነው።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1988) የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737-200 በበረራ ቁጥር 604 ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ባሕር ዳር አርፎ ወደ አሥመራ ሊቀጥል ነበር። ትንሽ አውሮፕላን አልነበረም፤ አሮጌም አልነበረም። ከፋብሪካ ከወጣ ዓመት አልሞላውም። 98 መንገደኞችና 6 የበረራ ሠራተኞች ተሳፍረዋል። ከባሕር ዳር መንደርደሪያ እንደተነሳ የርግብ መንጋ ገጠመው። እያንዳንዱ ሞተር ከ10 እስከ 16 የሚደርሱ ርግቦችን ዋጠ።

አንዷ ርግብ ከግማሽ ኪሎ በታች ናት። በዚያ ፍጥነት ግን የሞተሩን ምላጮች ለማጣመምና የአየሩን ፍሰት ለማዛባት በቂ ነች። ሁለቱም ሞተሮች መንተፋተፍ ጀመሩ፤ ሙቀታቸውም ናረ። አብራሪዎቹ ወደተነሱበት ለመመለስ አዞሩ። በመመለስ ላይ እንዳሉ ግን ሁለቱም ሞተሮች ኃይላቸውን ጨረሱ። አውሮፕላኑ ከባሕር ዳር 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጎማው ሳይዘረጋ በሆዱ መሬት ላይ አረፈ፤ እሳትም ተነሳ። 35 መንገደኞች ሞቱ። ስድስቱን የበረራ ሠራተኞች ጨምሮ 69 ሰዎች ተረፉ።

ለገበያ ሰው ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አስተማማኝ የሚባለው አንዱ ሲጠፋ ሌላው ስለሚቀር ነው። ይህ እውነት የሚሆነው ሁለቱ የሚጠፉበት ምክንያት ሲለያይ ነው። ሁለት ዋስ የጠራ ተበዳሪ ሁለቱም ዋሶች ከአንድ ሱቅ የሚበሉ ከሆነ ባንኩ በእጁ ያለው አንድ ዋስ ነው፤ ሱቁ የተቃጠለ ዕለት ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ። የባሕር ዳር ርግቦች ያደረጉት ይህንን ነው። ነዳጅም እንዲሁ ነው፤ ከአንድ በርሜል የተቀዳ የተበከለ ነዳጅ ለሁለቱም ሞተር እኩል ይደርሳል።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2009፣ በኒውዮርክ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። የዩኤስ ኤርዌይስ ኤርባስ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ የዱር ዝይዎችን ዋጠና ሁለቱንም ሞተሮቹን አጣ። አብራሪው ወደ ኋላ ለመመለስ አልሞከረም፤ ሐድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈው። የተሳፈሩት 155 ሰዎች በሙሉ ተረፉ። ዓለም አብራሪውን አጨበጨበለት፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ሁለቱን አደጋዎች አስተያይቶ የባሕር ዳሮቹን አብራሪዎች ለመውቀስ መቸኮል ፍርደ ገምድልነት ነው። የኒውዮርኩ አብራሪ ከፊቱ ሰፊ ወንዝ፣ በወንዙም ላይ በደቂቃዎች ውስጥ የደረሱ ጀልባዎች ነበሩለት።

አንዱ ሲጠፋ

እንግዲህ በአብዛኛው የሚያጋጥመው የሁለቱ በአንድ ጊዜ መጥፋት ሳይሆን የአንዱ መጥፋት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለአገር ውስጥ መስመሮቹ የሚጠቀምበት ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ሁለት ሞተሮች አሉት። እያንዳንዳቸው 5,000 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያመነጫሉ። በመነሳት ላይ አንዱ ሞተር ቢጠፋ፣ የጠፋው ሞተር ፕሮፔለር አየሩን እንደ ግድግዳ እንዳያግድ ምላጮቹ በራሳቸው ጊዜ በጎናቸው ይዞራሉ። የቀረው ሞተርም አብራሪው ሳይነካው ኃይሉን ይጨምራል።

ዓለም አቀፉ የአውሮፕላን ብቃት ደንብ ደግሞ እንዲህ ያለ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን አንዱን አጥቶ፣ ጎማውን ከሰበሰበ በኋላ፣ በየ1,000 ሜትሩ ቢያንስ 24 ሜትር መውጣት መቻል አለበት ይላል። 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 240 ሜትር ማለት ነው። ለሜዳ አገር ይህ ከበቂ በላይ ነው። ለኮምቦልቻ ግን አይደለም። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው የከፍታ ልዩነት ብቻውን ከ600 ሜትር ይበልጣል፤ ጦሳ ደግሞ ከደሴም በላይ ቆሟል። ስለዚህ በተራራ የተከበበ ማረፊያ ላይ አየር መንገዶች አንድ ሞተር ከጠፋ በየት በኩል እንደሚታጠፍ፣ የትኛውን ሸለቆ ተከትሎ እንደሚወጣ አስቀድመው ያሰላሉ። ያ ስሌት ለዚያ ቀን ሙቀትና ነፋስ የሚፈቅደውን የክብደት ጣሪያ ያወጣል። ጣሪያው ካለፈ የሚቀነስ ነገር አለ። ከነዳጅ አይቀነስም፤ መንገደኛም ቲኬት ይዟል። የሚቀረው ዕቃ ነው።

አምስት መንገደኞች ከነሻንጣቸው ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናሉ። ግማሽ ቶን አለመጫን አየር መንገዱን ገቢ ያሳጣዋል፤ ነጋዴውንም ያበሳጨዋል። ያ የታጣ ገቢ ግን የጠፋ ገንዘብ አይደለም፤ ሞተር ላልጠፋበት ቀን የተከፈለ አረቦን ነው። ነገሩ አስቂኝ የሚሆነው አረቦኑ የተከፈለለት መንገደኛ ሻንጣዬ ቀረ ብሎ ሲሳደብ ነው።

መሣሪያው ሁሉ ተሟልቶም የሰው ልጅ ያው የሰው ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2015 ታይፔ ላይ የትራንስ ኤሺያ ኤቲአር 72 አውሮፕላን ከተነሳ በኋላ አንዱ ሞተሩ ኃይል አቋረጠ። አብራሪዎቹ በድንጋጤ ደህናውን ሞተር ዘጉት። ከ58 ተሳፋሪዎች 43ቱ ሞቱ። ሁለተኛው ሞተር ነበረ፤ ይሠራም ነበር። የጠፋው በእጅ ነው። ስለዚህ የአንድ አየር መንገድ ንብረት ሲቆጠር የአብራሪዎቹ ሥልጠና ከሞተሩ ቀጥሎ ሳይሆን ከሞተሩ ጋር መቆጠር አለበት።

ባለ አንድ ሞተሩ

አሁን ወደ ትንሿ አውሮፕላን እንምጣ። እንበል ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሼድ ሊከራይ የመጣ የውጭ ገዢ አለ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀ ነው። ሰውየው ጠዋት አይቶ ማታ አዲስ አበባ ሆቴሉ ማደር ይፈልጋል፤ የመደበኛው በረራ ሰዓት ደግሞ አልገጠመለትም። ደላላው ለአስተናጋጁ ባለሀብት ስልክ ይመታል።

«ጋሼ፣ ለምን ቻርተር አንይዝም? ጠዋት ሄደው ማታ ይመለሳሉ።»

«በሰዓት ስንት አሉ?»

«ባለ አንድ ሞተሩ ይረክሳል። ያው ሁሉም አየር ላይ ነው የሚሄዱት።»

«እሱን ያዘው እንጂ ታዲያ!»

በዚህ ንግግር ውስጥ ያልተጠየቀው ጥያቄ ባለ አንድ ሞተሩ ለምን እንደሚረክስ ነው። የሚገርመው ደግሞ በዚህ አገር ገበያ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን የበዛው በዋጋው ብቻ አለመሆኑ ነው። ሕጉም ወደዚያ ገፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 37 ከ20 በላይ ወንበር ወይም ከ2,700 ኪሎ በላይ የመጫን አቅም ባለው አውሮፕላን የሚሰጥን የአየር ትራንስፖርት አገልግሎት ለመንግሥት ብቻ ከልሎ ነበር። የግል ባለሀብቱ የተተወለት ከዚያ በታች ያለው ነው። ከዚያ በታች ደግሞ በጠጠርና በሣር ሜዳ የሚያርፍ፣ ከአሥር ሰው ብዙም የማይበልጥ የሚጭን፣ እንደ ሴስና ካራቫን ያለ ባለ አንድ ተርባይን ሞተር አውሮፕላን ለኪስም ለሥራም ይመቻል። ጣሪያው ወደ 50 ወንበር ከፍ ያለው እ.ኤ.አ. በ2012 አዋጅ ቁጥር 769 ሲወጣ ነው። በ2020 ደግሞ ደንብ ቁጥር 474 የአገር ውስጥ አየር ትራንስፖርትን የውጭ ባለሀብት ከኢትዮጵያዊ ጋር በሽርክና ከሚሰማራባቸው መስኮች መድቦታል። በሩ ሲከፈት ግን ብዙዎቹ ነባር የቻርተር ድርጅቶች ሥራቸውን በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ገንብተው ነበር።

ካራቫን መጥፎ አውሮፕላን አይደለም። የሚጠቀምበት ፒቲ 6 የተባለው የፕራት ኤንድ ዊትኒ ካናዳ ሞተር በዓለም ላይ አስተማማኝ ከሚባሉት ተርባይኖች አንዱ ነው። ከአላስካ እስከ ኬንያ ሳር ሜዳ ድረስ ይሠራበታል። ጥያቄው ሞተሩ ስንት ጊዜ ይጠፋል ሳይሆን ከጠፋ በኋላ ምን ይቀራል የሚለው ነው።

ሞተሩ የጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ አይወድቅም፤ ይንሳፈፋል። ለምሳሌ በማሠልጠኛ የታወቀችው ሴስና 172 ያላትን ከፍታ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ርቀት ወደፊት ልትንሳፈፍ ትችላለች። 150 ሜትር ላይ ሞተሯ ቢጠፋ አንድ ኪሎ ሜትር ከሦስት መቶ ሜትር አካባቢ ትሄዳለች፤ ጊዜው ከአንድ ደቂቃ ያንሳል። ከዚያች ደቂቃ ላይ ደግሞ አብራሪው የሆነውን ማመን አቅቶት የሚያባክናቸው ጥቂት ሴኮንዶች ይቀነሳሉ።

ወደ መንደርደሪያው ልመለስ ካለ የባሰ ነው። መዞር ከፍታ ይበላል። ግማሽ ክብ ዞሮም ከመንደርደሪያው ጋር ትይዩ እንጂ አናቱ ላይ አይሆንም፤ ተጨማሪ መታጠፍ ያስፈልገዋል። እየዞረ አፍንጫውን ቀና ለማድረግ ሲሞክር ፍጥነት ያጣል፤ ክንፉ አየሩን ይለቅቃል፤ ከዚያ ወዲያ መንሳፈፍ የለም። በዓለም ዙሪያ ያሉ የበረራ አስተማሪዎች ለተማሪ ደጋግመው የሚነግሩት በዝቅተኛ ከፍታ ሞተር ከጠፋ ወደ ኋላ አትመልከት፣ አፍንጫውን ዝቅ አድርገህ ከፊትህ ካለው ውስጥ የተሻለውን ምረጥ የሚል ነው። በሐድሰን የሆነውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

እንግዲህ ኮምቦልቻ ላይ «ከፊትህ ያለው» ምንድን ነው? የቦርከና ሸለቆ፣ እርከን የተሠራበት ማሳ፣ ከተማው፣ የፋብሪካ ጣሪያ፣ ከዚያም ተራራ። ደብረ ዘይት ሜዳ ላይ የሚበር ሰው ያለውን ያህል ምርጫ እዚህ የለም። ቻርተር የሚከራይ ሰው የሚጠይቀውም እዚህ ላይ ነው። አውሮፕላኑ በስንት ሰዓት ይነሳል? በቀትር ከሆነ ስንት ኪሎ ይቀንሳሉ? አብራሪው ይህን ሜዳ ያውቀዋል? «ምንም አይቀነስም፣ የፈለጉትን ያህል ይጫኑ» የሚል አከራይ ለገዢ መልካም ዜና የነገረ ይመስላል። በኮምቦልቻ ቀትር እንዲህ የሚል ሰው ወይ ሒሳቡን አልሠራም፣ ወይ ሠርቶ ደብቋል።

ዶላርና ኦቨርሆል

ሌላው ጉዳይ ጥገና ነው። በካራቫን ላይ የሚገጠመው ፒቲ 6 ሞተር በየ3,600 የበረራ ሰዓቱ ተፈቶ ሙሉ እድሳት እንዲደረግለት አምራቹ ያስቀምጣል። እድሳቱ የሚከፈለው በዶላር ነው። ለስሌት ያህል እድሳቱ 360,000 ዶላር ፈጀ እንበል። ባለቤቱ በእያንዳንዱ የበረራ ሰዓት 100 ዶላር መቆጠብ አለበት ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ 100 ዶላር 5,700 ብር ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ፤ ያው ቁጠባ ከ10,000 ብር በላይ ሆነ። ሞተሩ አልተለወጠም፤ የሠራው ሰዓትም አልተለወጠም።

ሁለት ሞተር ያለው ደግሞ ሁለት እጥፍ ይቆጥባል። የባለ አንዱ ርካሽነት ምሥጢር በአብዛኛው እዚህ ነው። የቻርተር ዋጋ ከሌሎች ሁሉ በብዙ ሲያንስ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ የገበያ ሰው ወግ ነው። ቅቤ በግማሽ ዋጋ የቀረበለት የደሴ ነጋዴ ዝም ብሎ አይገዛም፤ ነክሮ ይቀምሳል፣ ያሸታል። በሞተር ላይ መቅመስና ማሸት የሚቻለው የአየር ብቃት ምስክር ወረቀቱንና የድርጅቱን ፈቃድ በመጠየቅ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠውም የሚነጥቀውም የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ወረቀት አሳዩን ማለት ነውር አይደለም።

የወፎቹ ነገር

የባሕር ዳሩን አደጋ ያመጡት ርግቦች ለአየር ማረፊያ ብለው አልመጡም። ወፍ የሚሄደው ምግብና ውሃ ወዳለበት ነው። እህል የሚፈስበት መጋዘን፣ ክዳን የሌለው የቆሻሻ መጣያ፣ ተረፈ ሥጋ የሚጣልበት ቄራ ወፍ ይጠራሉ። ቄራ ደግሞ የሚጠራው ርግብን ብቻ አይደለም፤ ጥንብ አንሳንና ጭልፊትን ነው። ጥንብ አንሳ በክብደቱ ርግብን ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ኮምቦልቻ የቢራ፣ የቆዳ፣ የሥጋና የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። ደረቅ ወደብና ኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨምሮላታል፤ የአዋሽ–ወልዲያ የባቡር ሐዲድም በእሷ በኩል ተዘርግቷል። መሬቷ የሚፈለግ መሬት ነው። በማረፊያው ዙሪያ ቦታ የሚመራ ሹም፣ ቦታውንም የሚጠይቅ ባለሀብት፣ የሚከፈተው ሥራ ምን ዓይነት ተረፈ ምርት እንደሚጥልና የት እንደሚጥለው ካላየ፣ ጎረቤቱ ላለው መንደርደሪያ ርግብ እያረባ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የቆሻሻ መጣያ ከአውሮፕላን ማረፊያ 13 ኪሎ ሜትር ክልል ውጭ እንዲሆን የሚመክረው ለዚህ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ጠባብ ሸለቆ 13 ኪሎ ሜትር ማግኘት ቀላል አይደለም። አስቸጋሪ መሆኑ ግን ርግቧን አያግዳትም። አጥር፣ ክዳን፣ ቶሎ መቅበር፣ እህል ሳይፈስ መጫን ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው።

መድንና ቲኬት

የአውሮፕላን መድን በአንድ የአገር ውስጥ ኩባንያ ትከሻ ላይ ብቻ የሚያርፍ አይደለም። አብዛኛው ሥጋት በጠለፋ ዋስትና ወደ ውጭ ገበያ ይተላለፋል፤ አረቦኑም በውጭ ምንዛሪ ይሄዳል። ይህ የድርጅቱ ጉዳይ ነው። የመንገደኛው ጉዳይ ሌላ ነው። የግል የአደጋ ወይም የሕይወት መድን የገዛ ነጋዴ ቻርተር ከመሳፈሩ በፊት ውሉን አውጥቶ ቢያነብ ይበጀዋል። በዓለም ላይ የተለመዱት የአደጋ መድን ውሎች ብዙውን ጊዜ የሚሸፍኑት ፈቃድ ባለው ድርጅት አውሮፕላን፣ ዋጋ ከፍሎ የተሳፈረን መንገደኛ ነው። በወዳጅ አውሮፕላን በነጻ የሄደ፣ ወይም የንግድ ፈቃድ በሌለው አብራሪ የተጫነ ሰው ውሉ ውስጥ ላይገባ ይችላል።

ከደሴ ተነስቶ ለሸቀጥ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጓንጆ የሚሄደው ነጋዴ ደግሞ አንድ ልብ የማይለው ነገር አለ። ኢትዮጵያ የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት አባል ናት። ከኮምቦልቻ እስከ ዱባይ ያለው መንገድ እንደ አንድ ጉዞ ከተቆረጠ፣ የኮምቦልቻ–አዲስ አበባው በረራ ራሱ የዓለም አቀፍ ጉዞ አካል ሆኖ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ በዚህ ስምምነት መሠረት በመንገደኛ ላይ ለሚደርስ ሞት ወይም የአካል ጉዳት አጓጓዡ ጥፋት የለብኝም ብሎ የማይከራከርበት ጣሪያ 151,880 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን አንዱ ከአንድ ዶላር ይበልጣል። ለሻንጣ በመንገደኛ እስከ 1,519፣ ለጭነት ደግሞ በኪሎ እስከ 26 ኤስዲአር ነው፤ የዕቃውን ዋጋ አስቀድሞ አስመዝግቦ ተጨማሪ የከፈለ ሰው ከዚህ በላይ መጠየቅ ይችላል። የኮምቦልቻውን ቲኬት ለብቻው ዛሬ፣ የዱባዩን ደግሞ ሌላ ቀን ከሌላ ወኪል የቆረጠ ነጋዴ ግን ሁለቱ አንድ ጉዞ መሆናቸውን የማስረዳት ክርክር ይጠብቀዋል።